ሲቲ ስካን ውስጥ ያለው ብርቅ ብረት፦ ሬኒየም



በቀደም ወድቀው ጭንቅላታቸውን የተመቱ እናት ሲቲ ስካን ሳዝላቸው "ልጄ፣ ጨረሩ ሰውነቴ ውስጥ አይቀርም?" ብለው እምቢ አሉኝ። ብዙዎቻችሁም ስለምትጠይቁኝ ጨረሩ ከየት እንደሚመጣ ላስረዳችሁ።

ማሽኑ ውስጥ ኤሌክትሮኖች በከፍተኛ ፍጥነት እየሄዱ የሚሽከረከር የብረት ዲስክ ይመታሉ። ከጉልበታቸው 1% ገደማው ብቻ ኤክስሬይ ይሆናል፤ የቀረው ሙቀት ነው። ሙቀቱን ተንግስተን ይችለዋል፤ ግን አሥር ጊዜ ሲግልና ሲበርድ ይሰነጠቃል። እንዳይሰነጠቅ ጥቂት ሬኒየም ይቀላቀልበታል።

ሬኒየም ምንድን ነው?

✅ በ1925 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ የተገኘ ሲሆን ስሙ ከራይን ወንዝ የመጣ ነው።
✅ የሚቀልጠው በ3186 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ከብረቶች የሚበልጠው ተንግስተን ብቻ ነው።
✅ በጣም ብርቅ ነው። በአብዛኛው የሚገኘው መዳብና ሞሊብዲነም ሲመረቱ በተጓዳኝ ነው።
✅ በጣም ግሎ ኦክስጅን ካገኘ ኦክሳይድ ሆኖ ይተናል። የኤክስሬይ ቱቦው አየር አልባ መሆኑ ከዚህም ያድነዋል።

ታዲያ ጨረሩ ሰውነት ውስጥ ይቀራል? አይቀርም! ኤክስሬዩ የሚፈጠረው ኤሌክትሮኖቹ ዲስኩን ሲመቱ ብቻ ነው። አምፖል ስናጠፋ ብርሃኑ ቤት ውስጥ እንደማይቀር ማለት ነው።

⚠️ ጨረር ጉዳት የለውም እያልኩ ግን አይደለም። ሲደጋገም የካንሰር ስጋትን በትንሹ ስለሚጨምር ያለ ምክንያት አናዝም። እርግዝና ካለ ወይም ከጠረጠራችሁ ቀድማችሁ ንገሩን።

እናታችን በመጨረሻ እሺ ብለው ተነሱ። ጭንቅላት ውስጥ የሚፈስ ደም ጊዜ አይሰጥም፤ ስለዚህ ፈርታችሁ ከመቅረት ጠይቁን።