አንዲት ጠብታ ከቆሼ

ዝናብ የቆሼን ክምር ሰርስሮ ጥቁር ፍሳሽ ሆኖ ይወጣል። ከባድ ብረት ይዞ እንደሆነ ለማወቅ ጠብታውን ከአመልካች ኬሚካል ጋር እናዋህድ። በብርጭቆ ቢሆን ማማሰል በበቃን፤ ፀጉር በመሰለ ረቂቅ ቦይ ግን (ማማሰያ ከወዴት ይገባል?) ሁለቱ ፈሳሾች ሳይታወኩ ጎን ለጎን ይፈሳሉ። ፍሰት የሚታወከው ፍጥነቱና የቱቦው ስፋት ሲያይል መሆኑን ኦዝቦርን ሬይኖልድስ በ1883 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። በረቂቁ ቦይ የሚቀረን የሞለኪውሎች አዝጋሚ ስርጭት ነው፤ ርቀቱ አሥር እጥፍ ሲያድግ ጊዜው መቶ እጥፍ ይረዝማል። ትናንሽ ሞለኪውሎች በውሃ ውስጥ 0.1 ሚሊ ሜትር ለመሻገር 5 ሰከንድ ገደማ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ለመሻገር ግን 14 ሰዓት ያህል ይፈጅባቸዋል። ፈሳሾቹ ሳይዋሃዱ ከመውጫው ከደረሱ መሣሪያው የተበከለውን ንጹሕ ሊለን ይችላል። ስለዚህም ተመራማሪዎች በ2002 እ.ኤ.አ. የቦዩን ወለል በሰያፍ ቦረቦሩት፤ ፈሳሾቹ እየተጠማዘዙ ይነባበራሉ፣ የሚሻገሩትም ርቀት ያጥራል።