ከአክራ ወደ ኬፕ ኮስትና ኤልሚና፤ የአንድ ቀን ጉብኝት ለአስተማሪ ምን ይጠቅማል?



ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት በአንድ ስድስተኛ ክፍል ገብቼ ስለ አትላንቲክ የባሪያ ንግድ አስተምር ነበር። ካርታ ሰቅያለሁ፤ መርከቦቹ ከምዕራብ አፍሪካ ተነስተው ወደ አሜሪካ የተጓዙበትን መስመር በዘንግ እያሳየሁ ቁጥሩንም ዓመቱንም እንደ ውሃ አወርደዋለሁ። ታዲያ ከኋላ መቀመጫ አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ጋሼ፣ ለፈረንጆቹ የሸጣቸው ማነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ስለ መርከቦቹ ስፋት ማውራት ጀመርኩ። በቅሎ «አባትሽ ማነው?» ብትባል «አጎቴ ፈረስ ነው» አለች የሚባለው በእኔ ደረሰ። ልጅቷ እጇን ቀስ አድርጋ አወረደች። ደወል ተደወለና ወጣሁ፤ ጥያቄው ግን አብሮኝ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ሳነብ፣ ይህንኑ ጥያቄ ከጎብኚዎች እየተቀበሉ መመለስ የዕለት ሥራቸው የሆነ ሰዎች መኖራቸውን ተረዳሁ። እነርሱም በጋና የባሕር ጠረፍ በኬፕ ኮስትና በኤልሚና ጥንታዊ ግንቦች ውስጥ የሚሠሩ አስጎብኚዎች ናቸው። እኔ በበኩሌ ደገኛ ነኝ፤ ባሕር እንኳ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ይሁንና ጉብኝቱ እንዴት እንደሚካሄድና አስተማሪ ከእርሱ ምን ሊቀስም እንደሚችል ካነበብኩት ለማስረዳት እሞክራለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እላለሁ።

ከተሞቹ የት ናቸው?

ጋና በ1957 ነፃነቷን እስክታገኝ ድረስ ጎልድ ኮስት፣ ማለትም «የወርቅ ጠረፍ» ትባል ነበር። ከዋና ከተማዋ ከአክራ ተነስቶ ባሕሩን በስተግራ እያደረጉ ወደ ምዕራብ 145 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ኬፕ ኮስት ይገኛል። ኤልሚና ደግሞ ከዚያ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። የአገሩ ሰዎች ፋንቴዎች ናቸው፤ ኬፕ ኮስትን ኦጉዋ፣ ኤልሚናን ኤዲና ይሏቸዋል። አውሮፓውያን ነጋዴዎች በዚህ ጠረፍ በርካታ ምሽጎችና ግንቦች ሠርተው ነበር። ከእነርሱም የቆሙትና ፍርስራሻቸው የቀረው በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ጉዞው እንዴት ይከናወናል?

ጎብኚዎች ብዙውን ጊዜ ከአክራ የሚነሱት ጎህ ሲቀድ ነው። መንገዱ በከተማው መጨናነቅ ምክንያት ሦስት ሰዓት ገደማ ሊፈጅ ይችላል። አንዳንድ አዘጋጆች በዚያው ቀን የካኩምን ጥብቅ ደን ይጨምሩበታል። ካኩም ከኬፕ ኮስት በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ሲሆን፣ በዛፎቹ አናት ላይ 350 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ተንጠልጣይ የገመድ ድልድይ አለው። ደስ የሚል ነገር ነው። ነገር ግን ሦስት ቦታ በአንድ ቀን ሲታሰብ አንዱ በሩጫ ማለቁ አይቀርም፤ በሩጫ የሚያልቀው ደግሞ ረጋ ብሎ መታየት የሚገባው ሊሆን ይችላል።

አንድ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። በመኪናው ውስጥ አብሮ የሚጓዘው መሪና በግንቡ ውስጥ የሚያስረዳው አስጎብኚ የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ግንቦቹን የሚያስተዳድረው የጋና የሙዚየሞችና የቅርሶች ቦርድ ነው፤ ጎብኚው የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ በቡድን በቡድን ከግንቡ አስጎብኚ ጋር ይገባል። ማብራሪያው አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

በኬፕ ኮስት ግንብ

በዚህ ቦታ ስዊድኖች በ1653 ምሽግ መሥራት ጀመሩ። ከብዙ መነጣጠቅ በኋላ በ1660ዎቹ እንግሊዞች ያዙት፤ እስከ 1877 ድረስም የቅኝ ግዛታቸው መቀመጫ ነበር። ግንቡ ከውጭ ሲታይ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ባሕር ዳር የቆመ የሚያምር ሕንጻ ነው። አስጎብኚው ግን ጎብኚውን በቅድሚያ የሚወስደው ወደ ምድር ቤቱ ነው።

የወንዶቹ እስር ቤት ቁልቁል የሚወረድበት፣ ከላይ ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ብቻ ብርሃን የሚገባበት ዋሻ መሰል ክፍል ነው። አስጎብኚዎች እንደሚያስረዱት በአንድ ጊዜ እስከ 1,000 ወንዶች ይታጎሩበት ነበር። መርከብ እስኪመጣ ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን በዚያ ያሳልፋሉ። የሚበሉትም የሚጸዳዱትም እዚያው ነው። አንዳንድ አስጎብኚዎች እዚህ ላይ መብራቱን ያጠፉና ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላሉ። ከዚያ ቀጥሎ፣ በዚሁ እስር ቤት አናት ላይ ቤተ ክርስቲያን እንደነበረ ይናገራሉ። ከላይ ጸሎት፣ ከታች ሰንሰለት መሆኑ ነው።

በመጨረሻም ወደ ባሕር የሚያወጣው በር ይከፈታል። «የማይመለሱበት በር» ይባላል። ምርኮኞቹ በዚያ ወጥተው በጀልባ ወደ መርከቡ ይወሰዱ ነበር። ዛሬ በሩ ሲከፈት የሚታየው የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው፤ ጀልባዎች፣ መረቦች፣ የሚሯሯጡ ሕፃናት። በ1998 ደግሞ በባርነት የሞቱ የሁለት ሰዎች አጽም ከአሜሪካና ከጃማይካ መጥቶ በዚሁ በር ወደ አገሩ ገብቷል። በውጭ በኩል የተጻፈውም «የመመለሻ በር» የሚል ነው።

በግንቡ ውስጥ የነበረው አስተማሪ

በግንቡ አደባባይ ላይ ካሉት መቃብሮች አንዱ የአስተማሪ ነው። ስሙ ፊሊፕ ኳኪ ይባላል። የኬፕ ኮስት ተወላጅ ሲሆን በ1754 ገና ልጅ ሳለ ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ተላከ። ሁለቱ እዚያው ሞቱ። እርሱ በ1765 ቅስና ተቀብሎ በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው አፍሪካዊ ካህን ሆነ። በ1766 ወደ አገሩ ተመልሶ በግንቡ ውስጥ ቄስም መምህርም በመሆን ጥቂት ልጆችን ማንበብና መጻፍ ያስተምር ጀመር፤ በ1816 እስኪሞት ድረስም በዚያው አገለገለ።

ይህን ሳነብ ሁለት ነገሮች አስደነገጡኝ። አንደኛ፣ ኳኪ ሲመለስ ፋንቴኛን ረስቶ ስለነበር ለገዛ ወገኖቹ የሚናገረው በአስተርጓሚ ነበር። ሁለተኛ፣ ካገለገለባቸው 50 ዓመታት ውስጥ 40ው እንግሊዝ የባሪያ ንግድን በ1807 በሕግ ከማገዷ በፊት ያሉ ናቸው። ስለዚህ እርሱ ፊደል ሲያስቆጥር ከሥሩ ባለው ምድር ቤት ሰዎች ታስረው ነበር ማለት ነው። እርሱን ለመኮነን አይደለም ይህን የማነሳው። በዚያ ባይኖር ኖሮ እነዚያ ልጆች ፊደል ባልቆጠሩ ይሆናል። ነገር ግን አስተማሪ የሚቆምበት ወለል ከሥሩ ምን እንዳለ ማወቅ እንዳለበት ያስገነዝበኛል።

ዛሬ ኬፕ ኮስት በጋና ውስጥ የታወቀች የትምህርት ከተማ ናት። ከ1876 ጀምሮ የሚያስተምር ስመ ጥር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለባት፤ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኮፊ አናንም በእርሱ ተምረዋል። በ1962 የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲዋ ደግሞ የተከፈተበት ዋና ዓላማ ለትምህርት ቤቶች መምህራንን ማሠልጠን ነበር።

በኤልሚና ግንብ

ከምሳ በኋላ ጉዞው ወደ ኤልሚና ነው። መግቢያው ላይ ሐይቁ ከባሕሩ ጋር የሚገናኝበትን ድልድይ ሲሻገሩ በቀለም ያሸበረቁ የዓሣ ጀልባዎች ተደርድረው ይታያሉ። ግንቡን የሠሩት ፖርቱጋሎች በ1482 ነው። ኮሎምበስ አሜሪካ ከመድረሱ 10 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። በ1637 ሆላንዶች በአጠገቡ ካለው ኮረብታ ላይ መድፍ ጠምደው ማረኩት፤ በ1872 ደግሞ ለእንግሊዞች አስረከቡት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይህ ነው። ግንቡ መጀመሪያ የተሠራው ለወርቅ እንጂ ለባሪያ ንግድ አልነበረም። እንዲያውም ፖርቱጋሎች ከቤኒን አካባቢ የገዟቸውን ምርኮኞች ወደ ኤልሚና አምጥተው ለአገሩ ነጋዴዎች በወርቅ ይሸጡ ነበር። ነጋዴዎቹ ሸቀጣቸውን ወደ መሐል አገር የሚሸከምላቸው ሰው ይፈልጉ ነበርና። ኋላ በአሜሪካ የሸንኮራ እርሻ ሲስፋፋና የሠራተኛ ፍላጎት ሲጨምር ንግዱ ተገለበጠ፤ የወርቁ መጋዘን የሰው መጋዘን ሆነ።

በሴቶቹ እስር ቤት በኩል ያለው ግቢ ከላይ በገዢው ሰገነት ይታያል። ገዢው ከዚያ ሆኖ ሴቶቹን እየመረጠ ያስመጣ እንደነበር አስጎብኚዎች ይናገራሉ። የአሻንቲው ንጉሥ ቀዳማዊ ፕሬምፔም በ1896 እንግሊዞች ከማረኳቸው በኋላ በዚሁ ግንብ ታስረው ነበር። ቀጥሎ ወደ ሴራሊዮን፣ ከዚያም ወደ ሲሸልስ ደሴቶች ተግዘው የተመለሱት በ1924 ነው።

የተማሪዋ ጥያቄ

ታዲያ የሸጣቸው ማነው? መልሱ በግንቦቹ ላይ ይታያል። መድፎቹ በብዛት የተጠመዱት ወደ መሐል አገር ሳይሆን ወደ ባሕር ነው። አውሮፓውያኑ ይበልጥ የሚፈሩት እርስ በርሳቸው ነበርና። ግንቡ የቆመበትን መሬት የአካባቢውን ባላባቶች አስፈቅደው፣ ክፍያም እየከፈሉ ነበር የያዙት። ወደ መሐል አገር ገብተው ሰው ያደኑትም ከስንት አንዴ ነው። ምርኮኞቹን በጦርነት፣ በወረራ፣ በዕዳና በፍርድ ስም ይዘው ወደ ጠረፍ ያወረዷቸው አፍሪካውያን ገዢዎችና ነጋዴዎች ነበሩ፤ በልዋጩም ጠመንጃ፣ ባሩድ፣ ጨርቅ፣ አረቄ ይቀበሉ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። «አፍሪካ ልጆቿን ሸጠች» ማለት ስህተት ነው። ሻጩ በዚያን ጊዜ የተሸጠውን ሰው ወንድሜ ብሎ አያውቀውም፤ የሌላ አገር ሰው፣ ባዕድ፣ ጠላት አድርጎ ነው የሚያየው። በተጨማሪም የገበያውን ስፋት የወሰነው ገዢው ነው። ከ12 ሚሊዮን የሚበልጡ አፍሪካውያን በመርከብ ተጭነዋል ተብሎ ይገመታል፤ 2 ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑት መንገድ ላይ ሞተዋል። መርከቡም፣ እርሻውም፣ ትርፉም የአውሮፓውያን ነበር። ሻጩ ከበደሉ አይነጻም፤ የሻጩ መኖር ግን ገዢውን ነፃ አያወጣም።

በእኛ አገርም ቢሆን የባሪያ ንግድ ለብዙ ዘመን ኖሮ፣ ሕጋዊ መሠረቱ በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ምናልባት እኔን ያንተባተበኝም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። የሌላውን ታሪክ በሐቅ የሚያስተምር የራሱንም በሐቅ ማስተማር ይጠበቅበታል።

ለእኛ ለዕጩ መምህራን

ጋና ድረስ ተማሪ ይዘን እንሂድ ማለቴ አይደለም። ሆኖም ነገ ተማሪዎቻችንን ይዘን አንድ የቆየ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ቤተ መንግሥት ወይም ገበያ ለማየት መሄዳችን አይቀርም። ስለዚህ ከላይ ካየነው የሚከተሉትን ብንወስድ ይጠቅመናል።

1ኛ. ተማሪው ጥያቄ ይዞ ይሂድ። ከጉዞው በፊት እያንዳንዱ አንድ ጥያቄ በደብተሩ ይጻፍ፤ መልሱን ሳያገኝ አይመለስ።

2ኛ. ቦታ አናብዛ። ሦስት ቦታ በሩጫ ከማየት አንዱን ረጋ ብሎ ማየት ይሻላል።

3ኛ. የሚታየውን ነገር አስቀድመን፣ ንግግሩን እናስከትል። የመድፉን አቅጣጫ ያየ ተማሪ ምክንያቱን ራሱ ይጠይቃል።

4ኛ. የአስጎብኚውን ቃል ከመጽሐፍ ጋር እናመሳክር። አስጎብኚም ሰው ነው፤ ሊሳሳትም ሊያጋንንም ይችላል።

5ኛ. ከባድ ጥያቄ ሲመጣ አንሽሽ። ካላወቅን «አላውቅም፣ አንብቤ ነገ እነግራችኋለሁ» እንበል፤ ነገም እንንገር።

ይህች አምስተኛዋ በእኔ ላይ የደረሰች ናት። የልምምድ ጊዜዬ ስላለቀ ያቺን ልጅ ተመልሼ አላገኘኋትም። ምናልባት ከእናንተ አንዱ በሚቀጥለው ልምምድ እዚያ ክፍል ይመደብ ይሆናል። ከኋላ መቀመጫ እጇን የምታወጣ ልጅ ካለች፣ አደራ፣ ሳትሸሹ መልሱላት።