ጀማሪ ሞተረኛ በተራራ መታጠፊያ ላይ ለምን መንገድ ይስታል?

በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይናና የቴነሲ ግዛቶች በሚዋሰኑበት ተራራማ ስፍራ «የዘንዶው ጭራ» የሚል ስያሜ ያለው መንገድ ይገኛል። 18 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው በዚህ መንገድ ላይ 318 መታጠፊያዎች እንዳሉ ይነገራል። ከተለያዩ አገሮች የሚመጡ ሞተረኞች አብዛኛውን ጊዜ በቡድን ሆነው ይጓዙበታል። በእንዲህ ያለው ጉዞ ልምድ ያላቸውን ባልንጀሮቹን ከኋላ የሚከተል ጀማሪ የተለየ አደጋ ይጠብቀዋል። ምክንያቱ ከፊዚክስም ከሰው ባሕርይም ይመነጫል።

ሞተር ሳይክል ለመታጠፍ ወደ መታጠፊያው ውስጠኛ ጎን ማዘንበል አለበት። የሚያዘነብልበትን መጠን በዋናነት የሚወስኑት ፍጥነቱና የመታጠፊያው ጥበት ናቸው። ለምሳሌ ሬዲየሱ 30 ሜትር በሆነ መታጠፊያ ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተር 33 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። ፍጥነቱ 60 ሲደርስ ግን 43 ዲግሪ ያህል ማዘንበል ይኖርበታል። ፍጥነቱ የጨመረው በ20 በመቶ ብቻ ነው፤ ጎማው ከአስፋልቱ ሊያገኘው የሚገባው የሰበቃ ኃይል ግን በ44 በመቶ ያድጋል።

ይህ ኃይል ወሰን አለው፤ መታጠፍና ፍሬን መያዝም ይሻሙበታል። በእጅጉ አዘንብሎ ሳለ ፍሬኑን በድንገት አጥብቆ የሚይዝ ሞተረኛ ጎማው ሊንሸራተትበት ይችላል። ስለዚህም ፍጥነት የሚቀነሰው ወደ መታጠፊያው ከመግባት አስቀድሞ፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። በሎስ አንጀለስ አካባቢ በደረሱ አደጋዎች ላይ ተካሂዶ በ1981 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የሃሪ ኸርት ጥናት፣ ሌላ ተሽከርካሪ ባልተሳተፈባቸው አደጋዎች ከሦስቱ በሁለቱ የአሽከርካሪ ስህተት እንደነበረ አሳይቷል። ዓይነተኞቹ ስህተቶችም ፍሬን ከመጠን በላይ መያዝና በመታጠፊያ ላይ ከመስመር መውጣት ነበሩ።

ይሁንና ጀማሪ መንገድ የሚስተው የጎማው አቅም ስላለቀ ብቻ አይደለም። ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የመሪውን የቀኝ እጀታ ወደ ፊት መግፋት ያስፈልጋል፤ ሞተሩ በዚህ ጊዜ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። በፍርሃት የተያዘ ሰው ግን ክንዱ ይደርቃል፤ ዓይኑም በሚፈራው ገደል ላይ ይተከላል። እጅ ዓይንን ስለሚከተል፣ ሞተሩ አብልጦ በማዘንበል ሊያልፈው ይችል የነበረውን መታጠፊያ ይስታል።

ቡድኑ ይህን ያባብሰዋል። የሞተረኞች ሰልፍ እንደ ላስቲክ ይሳባል። መሪው ከመታጠፊያው ወጥቶ ፍጥነት ሲጨምር የመጨረሻው ገና ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው። የተፈጠረውን ርቀት ለማጥበብ ሲፈጥን ቀጣዩ መታጠፊያ ሳይዘጋጅ ይደርስበታል። የፊተኛውን የኋላ መብራት እያየ የሚነዳ ከሆነ ደግሞ መንገዱን አያነብም፤ የሌላውን ሰው ችሎታ ተበድሮ ይጓዛል።

የአሜሪካው የሞተር ሳይክል ደኅንነት ፋውንዴሽን ለዚህ የሚሰጠው ምክር ቀላል ነው። በጠመዝማዛ መንገድ በአንድ ረድፍ መጓዝ፣ ከፊተኛው ቢያንስ የ2 ሰከንድ ርቀት መጠበቅና ጀማሪውን ከመሪው ቀጥሎ ማሰለፍ ይገባል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር 2 ሰከንድ ማለት 33 ሜትር ያህል ነው።

ቡድኑ በየመገንጠያው ቆሞ ወደ ኋላ የቀረውን የሚጠብቅ ከሆነ ማንም ለመድረስ መሽቀዳደም አያሻውም። ጀማሪውም እያንዳንዱን መታጠፊያ በራሱ ዓይንና በራሱ ፍጥነት ማለፍ ይችላል።