ጃንጥላ ለተራራ ጉዞ

በሰሜን ተራሮች የማስጎበኛቸው መንገደኞች ከመምጣታቸው በፊት «ምን እንያዝ?» ይሉኛል። ጫማውን፣ ወፍራሙን ጃኬትና የዝናቡን ልብስ ከዘረዘርኩ በኋላ ጃንጥላ ስጨምር ብዙዎቹ ግራ ይገባቸዋል። ጉዞው የሚጀመርባትን የደባርቅ ከተማ በገበያ ቀን ያየ ሰው ግን አይደንቀውም። ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የሚመጣው ገበሬ ጃንጥላውን ከዱላው ጋር ይዞ ነው የሚወጣው። ባሕር ማዶም ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ አሜሪካዊው ሬይ ጃርዲን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው የእግረኛ መመሪያ ከሜክሲኮ ድንበር እስከ ካናዳ ለሚዘልቀው የፓስፊክ ክሬስት መንገድ ጃንጥላን አጥብቆ መክሯል።

እኛ ዘንድ ጃንጥላ ከዝናቡ ይልቅ ለፀሐዩ ይበልጥ ይጠቅማል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይበረታል፤ በመንገዳችን ያለው የሳንካበር ካምፕ ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ሰው መቃጠሉ አይታወቀውም። አንገቱና ጆሮው የሚለበልበው ማታ ካምፕ ሲደርስ ነው። በግጭ ሜዳ ላይ ጅባራ እንጂ የሚያስጠልል ዛፍ የለም። ስለዚህ ጨርቁ ወፈር ያለ ጃንጥላ ይመረጥ፤ ስስ ከሆነ ጨረሩን ያሳልፋል።

በካፊያ ጊዜም ዋጋው ትልቅ ነው። የዝናብ ልብስ ለብሶ ዳገት የሚወጣ ሰው በላቡ ይርሳል፣ ሲያርፍ ያ ላብ ያቀዘቅዘዋል። ጃንጥላ የያዘው ግን አየር ያገኛል። ዝናቡ ከጎን ሲመታ ወይም በረዶ ሲጥል የዝናብ ልብሱ ግድ ስለሆነ አንዱ ሌላውን አይተካም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። እሜት ጎጎን በመሰለ ገደል አፋፍ ላይ ነፋሱ ከታች ወደ ላይ ይነሣል፤ የተዘረጋ ጃንጥላ ሰውን ሚዛን ያስታል። አፋፍ ከመድረስ በፊት ይታጠፍ። ነጎድጓድ ከተሰማም ወዲያው ታጥፎ ከሸንተረሩ መውረድ ነው፤ ራቁት ሸንተረር ላይ ጃንጥላ ከፍ አድርጎ የቆመ ሰው ለመብረቅ ተጋልጧል። ሌላው በቅሎ ነው። በጠባብ መንገድ ጭነት ይዛ ስትመጣ ፊቷ ላይ ድንገት ጃንጥላ ቢከፈት ትደነብራለች፣ ባለቤቷንም እንግዳውንም ገደል ልትከት ትችላለች። እስክታልፍ ድረስ በተራራው በኩል ተጠግቶ መቆም፣ የታጠፈውንም አለመዘርጋት ነው።

የሙያ ባልደረቦቼ፣ ለእንግዶች በምትልኩት ዝርዝር ላይ ጃንጥላን ጨምሩ፤ የት መታጠፍ እንዳለበት ግን ጉዞው ሳይጀመር ደባርቅ ላይ ንገሯቸው።