ላብ የሚያወጣ የሳሎን ጨዋታ

በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» የተባለው ሥርዓት በአዲስ አበባ ተጀምሮ፣ በተወሰኑ እሑዶች አውራ ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለስፖርተኛ በተለቀቁ ጊዜ፣ የቦሌን መንገድ የሞላው ሕዝብ፣ ሽማግሌው ከሕፃኑ ጋር፣ በአንድ ድምፅ ማጉያ ትእዛዝ እጁን ሲያነሣና ሲያወርድ ማየት የተለመደ ሆነ። ዳሩ ግን የቀሩትን ቀናት ከገርጂ እስከ ሲ.ኤም.ሲ.፣ ከሰሚት እስከ አያት ያለው ነዋሪ ጧት የታክሲ ሰልፍ ይዞ፣ ቀኑን በወንበር ላይ ውሎ፣ ማታ በጨለማ ወደ ቤቱ በመመለስ የሚያሳልፋቸው ስለ ሆኑ፣ በገዛ ሳሎኑ፣ በቴሌቪዥን ፊት ቆሞ እየተጫወተ ሰውነቱን ማጠንከር ይቻለው እንደ ሆነ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ከስንፍና የመጣ ነው ተብሎ ሊናቅ አይገባም።

በሠፈሮቻችን ጌም ሲባል ቀድሞ ወደ ልቡና የሚመጣው የፕሌይስቴሽን ቤት ነው፤ በዚያም ሁለት ወጣቶች ጆይስቲክ ጨብጠው ጐን ለጐን ሲቀመጡ፣ በማያው ላይ ሃያ ሁለት ተጫዋቾች ሜዳውን ሲያካልሉት፣ ከተቀማጮቹ የሚደክመው አውራ ጣታቸው ብቻ ነው። ቅኔ ጌምስ የተባለው ያገራችን ድርጅት በሠራው «ኩኩሉ» በተሰኘው የስልክ ጨዋታም ዶሮዋ ነፍሷን ለማዳን ስትሮጥ የሚያስሮጣት ሰው ከሶፋው አይነቃነቅም። ከዚህ የሚለየው ወገን የተጫዋቹን ሥጋ ራሱን መቆጣጠሪያ የሚያደርገው ነው። ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ዳንስ ዳንስ ሬቮሉሽን» ተጫዋቹ በሙዚቃው ምት አራት ቀስቶችን እየረገጠ እንዲዘል ያስገድደዋል፤ ሰኞ ማክሰኞ በጠመኔ አሥምራ የተጫወተች ልጅ ያለ አስተማሪ የምትገባበት ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ኒንቴንዶ በ2006 እ.ኤ.አ. ዊ የተባለውን የጨዋታ መሣሪያ፣ በ2007 መጨረሻ «ዊ ፊት»ን፣ ማይክሮሶፍት በ2010 ኪኔክት የተባለውን ካሜራ፣ ኒንቴንዶ እንደ ገና በ2019 «ሪንግ ፊት አድቬንቸር»ን አከታትለው አወጡ።

የእነዚህ ሁሉ ጥቅም የሚመዘነው መሣሪያው የሚያየውና የማያየው ምን እንደ ሆነ በማወቅ ነው። በዊ መቆጣጠሪያ ውስጥ ያለችው አክስሌሮሜትር፣ ከሲሊከን በተሠሩ ጥቃቅን ሞላዎች የተንጠለጠለች እጅግ ረቂቅ ክብደት ናት፤ እጅ በድንገት ሲወነጨፍ እርሷ ጥቂት ወደ ኋላ ትቀራለች፣ በእርሷና በአጠገቧ ባሉት ስስ ንጣፎች መካከል ያለውም ርቀት ስለሚለወጥ በመካከላቸው የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ይለወጣል፣ ኮምፒውተሩም ከዚህ ለውጥ የእጁን ውንጨፋ ያነብባል። እንግዲህ የዚህች ረቂቅ ዳኛ ዕውቀት ከእጅ አንጓ አያልፍም፤ ቴኒስ የሚጫወተው ሰው ወገቡን አዙሮና ጉልበቱን አጥፎ ቢመታም፣ ሶፋ ላይ ተጋድሞ አንጓውን ብቻ ቢያወናጭፍም ኳሱ ይመለስለታል። ልጆች ይህን ምሥጢር ለማግኘት ብዙ ቀን አይፈጅባቸውም። ኪኔክት በአንጻሩ ለዐይን የማይታዩ የኢንፍራሬድ ነጠብጣቦችን በክፍሉ ላይ ዘርቶ፣ በሰውነት ላይ ሲያርፉ የሚያሳዩትን መዛባት በካሜራው ተመልክቶ ርቀትን ያሰላል፣ ከአካልም ሃያ መጋጠሚያዎችን ለይቶ ይከታተላል፤ ስለዚህ እርሱን ማታለል ይከብዳል፤ ነገር ግን አንድ ተጫዋች 1.8 ሜትር ያህል፣ ሁለት ሲሆኑ 2.4 ሜትር ያህል እንዲርቁለት ይፈልጋልና፣ በስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አልጋው ወደ ጐን ካልተገፋ አይሆንም።

የሥጋ ድካም የሚሰፈርበት መለኪያ ሜት ይባላል። አንድ ሜት ማለት ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው የሚፈጀው ኦክስጂን፣ ይኸውም በደቂቃ ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 3.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከ3 ሜት በታች ያለው እንቅስቃሴ ቀላል፣ ከ3 እስከ 6 ያለው መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ያለው ብርቱ ተብሎ ይመደባል። የጃፓን ተመራማሪዎች ተጫዋቾችን አየሩ በሚለካ ዝግ ክፍል ውስጥ አስገብተው የዊን ጨዋታዎች መዝነው በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከ68ቱ እንቅስቃሴዎች 46ቱ ቀላል፣ 22ቱ መካከለኛ ሆነው ሲገኙ፣ ብርቱ ሊባል የሚገባው አንድ ስንኳ አልተገኘም። ጎልፉ 2፣ ቦውሊንጉ 2.6፣ ቴኒሱ 3፣ ቦክሱ 4.2 ሜት ነበረ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሰዓት ቦክስ ቢጫወት 147 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያወጣል፤ ይህም ተቀምጦ ቢሆን ከሚያወጣው 35 ጋር ሲነጻጸር አይናቅም፣ ነገር ግን ከቦሌ ወደ መገናኛ በተዘረጋው አዲስ የእግረኛ መንገድ ላይ በሰዓት 5.6 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት ቢራመድ 4.3 ሜት ስለሚያገኝ፣ ሂሳቡ ያለ ቴሌቪዥንም ያው ነው። እንዲያውም በ2004 እ.ኤ.አ. በቦሌ ገርጂ በሙከራ ተጀምሮ ምሥራቁን የከተማ ክፍል የሞላው ኮንዶሚኒየም አራት ፎቁን ያለ አሳንሰር የሚያስወጣ በመሆኑ፣ ፈጠን ብሎ ደረጃ መውጣት ደግሞ ከ8 ሜት በላይ ስለሚያስፈጅ፣ አራተኛ ፎቅ የደረሰው ነዋሪ እየረገመ ያገኘው ጥቅም ጌም ሻጮች በገንዘብ የሚሸጡት ነው።

ቦክሱ ከጎልፉ የሚበልጥበት፣ ሁለቱም ከሩጫ የሚያንሱበት ምክንያት በጡንቻ ብዛት ውስጥ ይገኛል። በሰውነት ውስጥ ግዙፎቹ ጡንቻዎች የጭንና የመቀመጫ ናቸውና፣ እነርሱ ሲሠሩ ኦክስጂን በብዛት ይጠየቃል፣ ልብም በእያንዳንዱ ምት ብዙ ደም ይረጫል። ክንድ ብቻውን ሲደክም ግን ሰውየው ሊፈጅ የሚችለው ከፍተኛ የኦክስጂን መጠን በእግር ከሚያገኘው 70 ከመቶ ገደማ ሲሆን፣ ለዚያው ያህል ሥራ የልቡ ምት ይበልጥ ይፈጥናል፤ ስለዚህም በእጁ ሰዓት ላይ ያለውን የልብ ምት ብቻ አይቶ «ሮጥሁ» የሚል የክንድ ተጫዋች በአኀዙ ይታለላል። የስቅለት ዕለት ሲሰግድ የዋለ ምእመን፣ ሥራው ለነፍስ እንጂ ለሥጋ ልምምድ የታሰበ ባይሆንም፣ በማግሥቱ ደረጃ ሲወርድ የትኞቹ ጡንቻዎች እንደ ሠሩ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። «ሪንግ ፊት» አንዱን መለኪያ በጭን ላይ አስሮ ተጫዋቹን ቍጭ ብድግ የሚያሰኘው ይህን በማሰብ ነው። እግር ለከዳው ሰው ግን የክንድ ጨዋታ ዋጋው ሌላ ነው፤ አበበ ቢቂላ በ1969 እ.ኤ.አ. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል።

በማያው ላይ የሚወጣው የካሎሪ አኀዝ የማያውቀው ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ በመሆኑ፣ በዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ነው። ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣው የአክስት ልጅ በቤቱ የሚጫወተውን ጨዋታ ገርጂ ላይ ሲጫወት የሚያለከልከው፣ ጨዋታው የሚፈልገው ኦክስጂን ሳይጨምር፣ የእርሱ ከፍተኛ ዐቅም ስለ ቀነሰ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. በ2,240 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው በሜክሲኮ ከተማ ብዙ የቆላ አገር ሯጮች ሲደክሙ፣ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ማሸነፉን አንባቢ ያስታውሳል። ስለዚህ ከማያው ይልቅ እስትንፋስን ማመን ይሻላል፤ እየተጫወተ መናገር ችሎ መዝፈን ያቃተው ሰው በመካከለኛው ድካም ላይ ነው፣ ከጥቂት ቃላት በኋላ አየር የሚያጥረው ደግሞ ወደ ብርቱው ተሻግሯል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ለዐዋቂ ሰው የመከረው በሳምንት ከመካከለኛው ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ነው።

የጨዋታው እውነተኛ ስጦታ ድካምን ማስረሳቱ ነው። ልቡና በነጥብና በሙዚቃ ሲያዝ፣ ከጡንቻና ከሳንባ የሚመጣው የድካም ወሬ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ይህ ግን በመካከለኛ ድካም ብቻ የሚሠራ ነው፣ ድካሙ ሲበረታ ሥጋ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራልና ሙዚቃ አያዘናጋውም። ማስረሳቱ የራሱ አደጋ አለው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. አንድ የባርሴሎና ሐኪም ለብዙ ሰዓት የዊ ቴኒስ ተጫውቶ በማግሥቱ በትከሻው ላይ ያገኘውን የጅማት ሕመም በሕክምና መጽሔት ጽፎ ለሕዝብ አሳውቋል። የሂዩስተን ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ደግሞ፣ የሚያንቀሳቅሱ ጨዋታዎች የተሰጧቸው ልጆች፣ በወገባቸው በታሰረው መለኪያ ሲታዩ፣ የሚያስቀምጡ ጨዋታዎች ከተሰጧቸው ልጆች የበለጠ አልተንቀሳቀሱም፤ ወይ በአንጓቸው ብቻ ተጫውተው፣ ወይ ማታ የጨመሩትን ቀን ከሌላው እንቅስቃሴያቸው ቀንሰው ይሆናል። ልጅን ከግቢ አንሥቶ ወደ ሳሎን የሚያስገባ ጌም በእኔ አስተያየት ኪሳራ ነው፤ ከሶፋ የሚያስነሣው ግን ትርፍ ነው።

ከኮንዶሚኒየም ወለል በታች ሌላ ቤተ ሰብ መኖሩም አይዘነጋ። የሚዘል ሰው ሲያርፍ ከክብደቱ ብዙ እጥፍ የሚሆን ኀይል ወደ ወለሉ ስለሚልክ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ከዝላይ ይልቅ ቍጭ ብድግ የሚያሰኘውን ጨዋታ መምረጥ ለጉልበቱም ለጕርብትናውም ይበጃል።

ያገራችን ጌም ሠሪዎች እስክስታን በካሜራ ፊት የሚጫወቱት ጨዋታ ቢያደርጉት ብዬ አስባለሁ። ሥራው ግን የሚመስለውን ያህል ቀላል አይሆንም፤ ኪኔክት እያንዳንዱን ትከሻ በአንዲት ነጥብ ብቻ ስለሚወክለውና በሴኮንድ 30 ሥዕል ስለሚያነሣ፣ ጥሩ ጨፋሪ በትከሻው የሚያወጣውን ረቂቅ ንዝረት ከመሣሪያው ስሕተት ለይቶ ማየት ይቸግረዋል። ከጤናም ወገን ሲታይ ትከሻ ብቻ ብዙ ኦክስጂን አይጠይቅም፤ ጭፈራው ወደ ታች ወርዶ ጉልበት ሲታጠፍና ጨፋሪው ወደ መሬት ተጠግቶ እንደ ገና ሲነሣ ነው ጭን ሥራውን የሚጀምረው። እንግዲህ ሠሪው ነጥቡን አብዝቶ ለጉልበት፣ ጥቂቱን ለትከሻ ማደል ይኖርበታል፤ የጎንደር ሰው በዚህ ዳኝነት ቅር መሰኘቱ ግን አይቀርም።