ጄን ኦስተን እና ገንዘብ

ጄን ኦስተንን ብዙዎቻችን ያወቅናት በፊልም ነው። ረጅም ቀሚስ፣ ጭፈራ፣ ኩሩ ባለጠጋ፣ መጨረሻው ሠርግ። ስለዚህም «የፍቅር ደራሲ» ትባላለች። ስሙ ውሸት አይደለም፤ ግን ያንሳታል። መጽሐፎቿን ደግሜ ባነበብኩ ቁጥር እየጎላ የሚመጣብኝ የገንዘብ ነገር ነው፦ ማን አለው፣ ማን ይወርሳል፣ የሌላት ሴትስ ምን ይውጣታል?

«ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ»ን እንውሰድ። ኩሩው ባለጠጋ ሚስተር ዳርሲ የጭፈራው አዳራሽ ውስጥ በገባ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የዓመት ገቢው 10,000 ፓውንድ መሆኑ ወሬው ይዳረሳል። የዋና ባለታሪኳ የኤልሳቤጥ ቤተሰብ የቤኔቶች ርስት የሚያስገባው በዓመት 2,000 ነው፤ እሱም ለወንድ ወራሽ ብቻ እንዲተላለፍ የታሰረ ነው። አባትየው ዓይናቸውን የከደኑ ቀን አምስት ሴቶች ልጆች ከነእናታቸው ቤቱን ለዘመዳቸው ለሚስተር ኮሊንስ ለቀው ይወጣሉ። ወይዘሮ ቤኔት ልጆቻቸውን ለመዳር ሲራወጡ እንስቅባቸዋለን። ሴትየዋ ያስቃሉ፤ ፍርሃታቸው ግን የሚያስቅ አይደለም።

እኔን ከሁሉም በላይ የምትይዘኝ ሻርሎት ሉካስ ናት። 27 ዓመቷ ነው፤ መልክም ሀብትም የላትም። ኮሊንስ ኤልሳቤጥን ለትዳር ጠይቆ እምቢ ሲባል ብዙም ሳይቆይ ወደ ሻርሎት ዞረ፤ እሷም እሺ አለች። ኤልሳቤጥ በጓደኛዋ በጣም አዘነች። በኋላ ግን ልትጠይቃት ሄዳ ቤቷ ስትሰነብት አንድ ነገር ታስተውላለች፦ ሻርሎት ሰፋ ያለ፣ ደስ የሚል ክፍል እያለላት የምትውለው በጓሮ በኩል ባለው ክፍል ነው። ምክንያቱ ቆይቶ ይገባታል። ክፍሉ ቢያምር ኖሮ ባልየው ከእሷ ጋር እዚያው ይውል ነበር! የአትክልት ሥራ ለጤና ጥሩ ነው እያለችም ታበረታታዋለች። ኦስተን እዚህ ላይ ንግግር አታበዛም፤ የክፍሉን ነገር ብቻ ነግራን ታልፋለች። ለመኖሪያ ሲባል የተገባ ትዳር ከውስጥ ምን እንደሚመስል በዚህን ያህል ጥቂት ቃል የነገረኝ ሌላ ደራሲ የለም።

ይህን ከሩቅ ሆና አልጻፈችውም። በ1775 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በሃምፕሸር፣ ስቲቨንተን በምትባል መንደር የተወለደች የቄስ ልጅ ናት። ከስምንቱ ልጆች ሴቶቹ እሷና ታላቅ እህቷ ካሳንድራ ብቻ ነበሩ። በ1802 መጨረሻ ላይ፣ 27 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀናት ሲቀሯት፣ ሃሪስ ቢግ-ዊዘር የሚባል የትልቅ ርስት ወራሽ ለትዳር ጠየቃት። ማታ እሺ አለች፤ ሲነጋ ቃሏን መለሰች። ያ ጋብቻ ቢሆን ኖሮ ለእህቷም ለወላጆቿም መጠጊያ በሆነ ነበር። ሻርሎት እሺ ባለችበት ዕድሜ እሷ እምቢ አለች፤ ያም ሆኖ ሻርሎት ላይ አልፈረደችባትም። ይህን ሳስብ አክብሮቴ ይጨምራል።

እምቢታዋ ዋጋ ነበረው። በ1805 አባቷ ሲሞቱ እሷ፣ እናቷና ካሳንድራ ወንድሞቿ በሚያዋጡት ገንዘብ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ ኖሩ። የተረጋጉት በ1809 ወንድሟ ኤድዋርድ ቾውተን ላይ ቤት ሲሰጣቸው ነው። መጽሐፎቿ መታተም የጀመሩትም እዚያ ከገባች በኋላ ነው።

ከአሳታሚዎች ጋር የነበራትን ነገር ደግሞ ስሙ። በ1803 አንድ የለንደን አሳታሚ አንድ ልቦለዷን በ10 ፓውንድ ገዝቶ ሳያሳትመው አስቀመጠው። ከስድስት ዓመት በኋላ በደብዳቤ ስትጠይቀው፣ 10 ፓውንዱን ከመለሰች መውሰድ እንደምትችል መለሰላት። በእጇ የገባው ገና በ1816 ነው። (የእንግሊዝ ባንክ በ2017 ምስሏን ያወጣው በ10 ፓውንድ ኖት ላይ ነው።) በ1811 «ሴንስ ኤንድ ሴንሲቢሊቲ» ኪሳራ ቢመጣ ራሷ ልትከፍል ተስማምታ ያለ ስሟ ታተመና 140 ፓውንድ አተረፈላት። «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ»ን ግን 150 ጠይቃ በ110 ፓውንድ ሙሉ መብቱን ሸጠችው። መጽሐፉ በ1813 ታትሞ በዚያው ዓመት ድጋሚ ሲታተም ለእሷ የደረሳት ነገር የለም። ከዚያ ወዲያ መብቷን አልሸጠችም፤ ለ«ኤማ» ከሌሎች ሁለት ልቦለዶች ጋር 450 ፓውንድ ሲቀርብላት እንኳ አልተቀበለችም። በሕይወት ሳለች ከድርሰት ያገኘችው ሁሉ ተደምሮ 700 ፓውንድ አይሞላም። ዳርሲ በአንድ ወር ከዚያ በላይ ያስገባል።

በ1817 በ41 ዓመቷ ዊንቸስተር ውስጥ አረፈች። የመቃብር ድንጋዩ ላይ ስለ ጠባይዋ ብዙ ተጽፏል፤ ልቦለድ መጻፏ ግን አልተጠቀሰም።

ለመጀመር ላሰባችሁ፣ ሁሉም «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ»ን ይመክራል፤ እኔም እመክራለሁ። እሱን የጨረሳችሁ ግን ከሞተች በኋላ ወደታተመው ወደ «ፐርሱዌዥን» እለፉ። አን ኤሊየትም 27 ዓመቷ ነው። በ19 ዓመቷ የምትወደውን የባሕር ኃይል መኮንን፣ ገንዘብ የለውም ተብላ ተመክራ ተወችው፤ ከስምንት ዓመት በኋላ 25,000 ፓውንድ ይዞ ይመጣል። ሻርሎትን እያሰባችሁ አንብቡት።