ከአዊኛ ወደ እንግሊዝኛ

በአዊ ምድር እንግሊዝኛ ቀደም ብሎ ከተነገረባቸው ቦታዎች አንዱ ዳንግላ ነው። እንግሊዛዊው ሜጀር ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የአገሩ ቆንስል ሆኖ መቀመጫውን እዚያ አድርጎ ነበር። ጣናንና ዓባይን ዞሮ ካጠና በኋላም እ.ኤ.አ. በ1936 መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ የአንድ ቆንስላ ግቢ ቋንቋ ነበር። ዛሬ በአዊ ዞን ዋና ከተማ በእንጅባራ ደብተር የያዘ ልጅ ሁሉ ይጋፈጠዋል።

ቤቱ አዊኛ ለሚነገርበት ልጅ ደግሞ እንግሊዝኛ ሦስተኛው ቋንቋ ነው። አፉን የሚፈታው በአዊኛ ነው፤ አማርኛን ከገበያውም ከትምህርት ቤቱም ይቀስማል፤ እንግሊዝኛ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ደግሞ ማስተማሪያ እንዲሆን ወሰነ። በአዊ ዞንም አዊኛ በፊደል ተጽፎ ክፍል ገባ። ስለዚህ ዘጠነኛ ክፍል የደረሰ የእንጅባራ ተማሪ ፊዚክሱንም ታሪኩንም የሚማረው በሦስተኛ ቋንቋው ነው።

አዊኛ የኩሽ ቤተሰብ አባል ነው፤ ከኽምጣና፣ ከብሌንና ከቅማንት ጋር የአገው ቋንቋዎች ከሚባሉት ይመደባል። አማርኛ ሴማዊ ነው። ዘራቸው ይለያይ እንጂ ዓረፍተ ነገር ሲሠሩ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ግሥን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ። በዚህ ጠባይ ከሁለቱም ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ጃፓንኛም ይገጥማቸዋል። የቶኪዮና የእንጅባራ ተማሪ እንግሊዝኛ ሲጀምሩ የሚሰናከሉበት ድንጋይ ብዙ ጊዜ አንድ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

«ትናንት ዳንግላ ገበያ ፈረስ የገዛው ሰው» የሚለውን ሐረግ እንውሰድ። እንግሊዝኛው «ዘ ማን ሁ ቦት ኤ ሆርስ አት ዳንግላ ማርኬት የስተርዴይ» ይሆናል። ሰውየው ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ መጣ፣ መግዛቱ ተከተለ፣ ከዚያ ፈረሱ፣ ከዚያ ገበያው፤ «ትናንት» ከፊት ወደ ኋላ ሄደ። መካከል ላይ ካለው ፈረስ በቀር ሁሉም ቦታውን ለወጠ። አዊኛም እንደ አማርኛ ገላጩን ሐረግ ከስሙ በፊት ያደርጋል። ጃፓንኛም እንዲሁ። የቃላቱን ትርጉም አንድ በአንድ የሚያውቅ ተማሪ ረጅም የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ላይ የሚጠፋበት ምክንያት፣ አእምሮው ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ መጠበቅ ስለለመደ ነው።

ሌላው መሰናክል ትንሽ ይመስላል፤ ክፍል ውስጥ ግን ትልቅ ጥፋት ያደርሳል። መምህሩ በእንግሊዝኛ «ዲድንት ዩ አንደርስታንድ?» ብሎ ይጠይቃል። ያልገባው ተማሪ በአማርኛ ልማዱ፣ «አዎ፣ አልገባኝም» ለማለት፣ «የስ» ይላል። በእንግሊዝኛ ሕግ ግን «የስ» ማለት ገብቶኛል ማለት ነው። መምህሩም ወደሚቀጥለው ርእስ ያልፋል! ጃፓኖችም የአሉታ ጥያቄን የሚመልሱት እንደኛ ስለሆነ ይኸው ስሕተት ያገኛቸዋል።

የቀሩት የሰዋስው ስሕተቶች መነሻቸው ይታወቃል። አማርኛ «ሁለት ፈረስ» ሲል አይከፋውም፣ ቁጥሩ ብዛቱን ነግሮናልና፤ እንግሊዝኛ ግን ከቁጥሩ በኋላም የብዙ ምልክት ይፈልጋል። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» የሚል ሰው «ዲስከስድ አባውት» ማለቱ አይቀርም፣ እንግሊዝኛው «አባውት» ባይፈልግም። «ትናንት በልቻለሁ» በአማርኛ ያስኬዳል፤ «አይ ሃቭ ኢተን የስተርዴይ» ግን አያስኬድም። «ይዘንባል» ብለን በአንድ ቃል የምንጨርሰውን እንግሊዝኛ «ኢት» የሚባል ማንንም የማይወክል ባለቤት ካላስቀደመለት አይቀበልም። እነዚህን ስሕተቶች የስንፍና ምልክት አድርጎ በቀይ እስክሪብቶ ማስመር ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ተማሪው የራሱን ቋንቋ ሕግ በትክክል ሠርቶበታል።

ድምፅ ላይ ሲደረስ ወሬው ይለወጣል። ጃፓናዊ ተማሪ «ል» እና «ር»ን መለየት ዕድሜ ልኩን ሊያስቸግረው ይችላል፤ የእኛ ተማሪ ይህ ችግር የለበትም። የጃፓን ተማሪዎች የእንግሊዝኛውን አነባበብ በካታካና ሲጽፉ የእኛዎቹ በፊደል ይጽፋሉ፤ ከእንግሊዝኛው ቃል በላይ በእርሳስ የተጫጫረ «ዚስ ኢዝ» ያላየ መምህር የለም። ሁለቱም ጽሕፈቶች ተነባቢንና አናባቢን በአንድ ምልክት የሚያስሩ ናቸው። ግን ካታካና ከአንድ ምልክት በስተቀር ብቻውን የቆመ ተነባቢ መጻፊያ የለውም፤ ፊደል ሳድስ አለው። «ስትራይክ» ብለን ስንጽፍ ጃፓናዊው በየመካከሉ አናባቢ ሊጨምር ይገደዳል። እርግጥ ነው፣ እኛም «እስፖርት» ማለት ይቀናናል።

አዊኛ ተናጋሪው አማርኛ ተናጋሪውን የሚበልጥበት ቦታም አለ፤ ይህን የሚያነሣው ግን ጥቂት ሰው ነው። በእንግሊዝኛ «ሲንግ» እና «ሶንግ» መጨረሻ ላይ ያለው የሰርን ድምፅ በአማርኛ ራሱን ችሎ የቆመ አይደለም፤ አማርኛ ተናጋሪ «ን» እና «ግ» አድርጎ ይከፍለዋል። አዊኛ ግን ይህን ድምፅ በ«ጘ» ቤት ይጽፈዋል። ሁለት ቁጥር «ላጛ» ነው። «ላጛ» የሚል ልጅ «ሲንገር» የሚለውን ቃል መሃል ላይ «ግ» ሳይጨምር ለማለት የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ድምፁ ያው የቤቱ ድምፅ መሆኑን የሚነግረው ሰው። አማርኛ ሲማር የሚያስቸግሩት «ጠ» እና «ጨ» ከአዊኛ ነባር ድምፆች ውስጥ የሉም፤ እንግሊዝኛም አይጠይቀውም። በዚያ ላይ አዊኛ ድምፅን ከፍና ዝቅ በማድረግ ትርጉም ይለያል። «ሪከርድ» የሚለው ቃል ጫናው መጀመሪያው ላይ ሲያርፍ ስም፣ ሁለተኛው ላይ ሲያርፍ ግሥ መሆኑን ለመስማት እንዲህ ያለ ጆሮ ሳይረዳ አይቀርም።

ቃላትን በተመለከተ፣ ዶክተር አምሳሉ አክሊሉ ከሞስባክ ጋር ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1973 ከታተመ ወዲህ ስንት ትውልድ አገልግሏል። ቢሆንም ቃል የሚጸናው ሥራ ሲኖረው ነው። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ለከሰል የሚተክሉትን ግራር «ዲከረንስ» ይሉታል። ስሙ ላቲን ነው፤ ማንም በጥቁር ሰሌዳ አላስተማራቸውም፤ ከችግኙና ከገንዘቡ ጋር ገባ። ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር እንግሊዝኛ ተናጋሪ እንግዳም ይመጣል። ኮርቻ፣ ልጓምና እርካብን ከልጅነቱ የሚያውቅ የእንጅባራ ወጣት «ሳድል»፣ «ብራይድል» እና «ስቲረፕ»ን በአንድ ቀን ይይዛቸዋል፤ ዕቃውን ስለሚያውቀው የሚቀረው ስሙ ብቻ ነው።

ትምህርት ቤቱ ግን ለዚህ ሁሉ ጊዜ አልሰጠም። እ.ኤ.አ. በ2004 በሳተላይት ቴሌቪዥን የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት ዋና ምሳሌ ነው፤ በመስኮቱ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ይነጉድ፣ ጥያቄ ጠይቆ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቅ፣ ከዚያ መልሱን ራሱ ይናገር ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያለው መምህር አስቁሞ ሊያስረዳ አይችልም ነበር። እንዲህ ያለው ትምህርት እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋው የሆነን ልጅ ቀርቶ በአማርኛ አፉን የፈታውንም ጥሎ ሄዷል።

የአዊኛ ሰዋስው በአግባቡ የተጠና ነው፤ ሮበርት ሄትዝሮን ስለ ግሡ ሥርዓት የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1969 ታትሟል። እንጅባራም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ አላት። እንግሊዝኛን ከአዊኛ ጋር እያነጻጸረ የሚያስረዳ ቀጭን የመምህር መምሪያ ማዘጋጀት ከእነዚህ ተቋማት አቅም በላይ አይደለም። የመጀመሪያው ገጽ በ«ጘ» ቢጀምር ልጁ እንግሊዝኛን የሚጀምረው ከሚያውቀው ነው።